ሃፕቲክ ቴክኖሎጂ በምናባዊ እውነታ እና ማኅበራዊ መነጠል

ሃፕቲክ ቴክኖሎጂ የመዳሰስ ስሜትን በመሣሪያ አማካይነት ወደ ሰው ቆዳና ጡንቻ የሚያደርስ የምህንድስና ዘርፍ ነው። ስሙ የተወሰደው መንካትንና መያዝን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል ነው። በምናባዊ እውነታ (ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ በአጭሩ ቪአር) ውስጥ ተጠቃሚው በዓይኑ የሚያየውንና በጆሮው የሚሰማውን ዓለም በእጁም እንዲዳስሰው ለማድረግ ያገለግላል። ከሚጠኑት አገልግሎቶቹ አንዱ ከቤተሰብ የራቁ፣ በሕመም ወይም በእርጅና ከሰው የተነጠሉ ሰዎችን ብቸኝነት ማቅለል ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንክኪና መነጠል

ማኅበራዊ መነጠልና ብቸኝነት አንድ አይደሉም። መነጠል ከሌሎች ሰዎች ጋር ያለው ግንኙነት በቁጥር ማነሱ ሲሆን፣ ብቸኝነት ደግሞ ሰውየው የሚፈልገው ግንኙነት ካለው በመብለጡ የሚሰማው ሕመም ነው። በሰው መካከል ሆኖ ብቸኛ መሆን ይቻላል፤ ብቻውን ኖሮ ብቸኝነት የማይሰማውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 በማኅበራዊ ትስስር ላይ የሚሠራ ኮሚሽን አቋቋመ። በ2025 የወጣው የኮሚሽኑ ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጠቃ፣ ከዚሁ ጋር በተያያዘም በየዓመቱ ከ871,000 የማያንሱ ሰዎች እንደሚሞቱ ገምቷል። እንግሊዝ በ2018፣ ጃፓን በ2021 ብቸኝነትን የሚከታተል ሚኒስትር ሾመዋል።

ንክኪ ለሕይወት ያለው ጥቅም በሙከራ ከታየባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ በ1958 የታተመው የአሜሪካዊው ሃሪ ሃርሎው የጦጣ ጥናት ነው። ከእናቶቻቸው የተለዩ ግልገሎች ወተት ከምትሰጠው የሽቦ «እናት» ይልቅ ወተት የሌላትን ለስላሳ ጨርቅ የለበሰች «እናት» አቅፈው ይውሉ ነበር። ሙከራው በእንስሳቱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ኋላ ብዙ ቢያስወቅሰውም፣ ውጤቱ ፍቅር ከምግብ የሚመነጭ ብቻ ነው የሚለውን የዘመኑን አስተሳሰብ አናጋ። በሰው ላይ ደግሞ ከኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተነሳው የካንጋሮ እናት እንክብካቤ አለ። ክብደታቸው ያነሰ ጨቅላዎች በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ታቅፈው ይቆያሉ። ኢትዮጵያዊው የሕፃናት ሐኪም ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ያካሄዱትና በ2005 የታተመው ሙከራ፣ ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ በዚህ መንገድ የታቀፉ ሕፃናት በተለመደው መንገድ ከተያዙት የተሻለ በሕይወት የመቆየት ዕድል እንደነበራቸው አሳይቷል።

በኢትዮጵያ የዕለት ኑሮ ውስጥ ንክኪ ያልገባበት ማኅበራዊ ሥርዓት ማግኘት ይከብዳል። ወዳጆች ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግመው ይሳሳማሉ፣ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ይገጫሉ፣ ልጆች የአዛውንት ጉልበት ይስማሉ። ጉርሻም ምግብን በእጅ በሌላው አፍ ውስጥ ማኖር ነው። ይህ ሁሉ ሲቋረጥ ምን እንደሚመስል አገሪቱ በኮቪድ-19 ወቅት አይታዋለች። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገለጸ፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብም ተጨባብጦ ሰላምታ መለዋወጥን ከለከለ። ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በሩቁ እጅ መንሳት ጀመረ።

ቆዳ የሚሰማው

የሰው ቆዳ አንድ ወጥ ስሜት የለውም። በጣት ጫፍና በመዳፍ ቆዳ ውስጥ አራት ዓይነት የንክኪ ተቀባዮች ተለይተው ይታወቃሉ። የማይስነር ተቀባዮች ቀላል መንሸራተትን፣ የመርከል ተቀባዮች የጠርዝና የቅርጽ ጫናን፣ የሩፊኒ ተቀባዮች የቆዳ መወጠርን፣ የፓቺኒ ተቀባዮች ደግሞ ፈጣን ንዝረትን ይለያሉ። የፓቺኒዎቹ ስሜት ከሁሉም የሚስለው በሰከንድ 250 ያህል ጊዜ ለሚርገበገብ ንዝረት ነው። የእነዚህ ሁሉ መልእክት በወፍራም ነርቮች በሰከንድ በአሥሮች በሚቆጠሩ ሜትሮች ፍጥነት ይጓዛል። ጫናን ወደ ነርቭ ምልክት የሚለውጡትን የሕዋስ በሮች ያገኘው አርደም ፓታፑሺያን የሙቀት ስሜትን ካጠናው ዴቪድ ጁሊየስ ጋር የ2021ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

ለብቸኝነት ጉዳይ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነርቭ ነው። ጸጉር ባለው ቆዳ፣ በተለይ በክንድና በጀርባ፣ ሲ-ታክታይል የሚባሉ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። መልእክታቸው በሰከንድ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ ለአደጋ ማስጠንቀቂያ አይሆኑም። የሚቀሰቀሱት በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ዝግታ ለሚደረግ ማሻሸት ሲሆን፣ የሚያሻሸው ነገር ሙቀትም የሰው ገላ ያህል ሲሆን ምላሻቸው ይበረታል። ባጭሩ፣ እናት ልጇን የምትደባብስበት ፍጥነትና ሙቀት ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች ወፍራም የንክኪ ነርቮቿን በሕመም ያጣች አንዲት ሴትን አጥንተው፣ እነዚህ ቀጫጭን ነርቮች ብቻ ሲቀሩ ሴትየዋ መነካቷን በትክክል ለይታ ባትናገርም ደስ የሚል ስሜት እንደሚሰማት በ2002 አሳትመዋል።

በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የቪአር መሣሪያዎች የሚሠሩት በንዝረት ነው፤ ይኸውም የፓቺኒ ተቀባዮችን ይቀሰቅሳል። ሲ-ታክታይል ነርቮችን ግን ፈጣን ንዝረት እምብዛም አይነካቸውም። ጥይት ወይም ኳስ ሲመታ ለማስመሰል የሚበጀው ሰደርያ ለማጽናናት ያን ያህል የማይበጅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሻጮች ሁለቱን አንድ አድርገው ሲናገሩ መስማት የተለመደ ነው።

የመሣሪያዎቹ ታሪክ

አይቫን ሰዘርላንድ በ1965 በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ ፍጹም የሚሆነው የኮምፒውተር ማሳያ በዓይን የሚታይ ብቻ ሳይሆን በእጅ የሚዳሰስም እንደሚሆን ተነበየ፤ በ1968 ደግሞ በራስ ላይ የሚጠለቅ ማሳያ ሠርቶ አሳየ። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ፍሬድሪክ ብሩክስ በ1967 በጀመረው «ግሮፕ» በተባለ ፕሮጀክት ተመራማሪዎች ሞለኪውሎች እርስ በርስ ሲሳሳቡ የሚፈጠረውን ኃይል በሜካኒካል ክንድ አማካይነት በእጃቸው እንዲሰማቸው ተደረገ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ማሲ እና ኬኔት ሳሊስበሪ በኤምአይቲ የሠሩት «ፋንተም» ጣትን አስገብተው የሌለ ነገርን የሚዳስሱበት የጠረጴዛ መሣሪያ ነበር። ሕዝቡ ዘንድ የደረሰው ሃፕቲክ ግን ይህ ሁሉ ሳይሆን በ1997 ለኒንቴንዶ 64 እና ለፕሌይስቴሽን መጫወቻዎች የወጣው የሚንቀጠቀጥ መቆጣጠሪያ፣ ቀጥሎም በየኪሱ ያለው የሞባይል ንዝረት ነው።

ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች በአሠራር ይለያያሉ። ቀላሎቹ ጓንቶችና ሰደርያዎች ትናንሽ የሚሽከረከሩ ወይም የሚመላለሱ ሞተሮች አሏቸው፤ ቢሃፕቲክስ የተባለው የኮሪያ ኩባንያ ከሸጣቸው ሰደርያዎች አንዱ 40 ሞተሮች ነበሩት። ሌሎች ጓንቶች አየርን በትናንሽ ከረጢቶች እየነፉ ቆዳን ይጫናሉ፣ ጣት እንዳይታጠፍ በገመድ የሚይዙም አሉ። ከብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የወጣው ስልት ምንም ሳይለበስ ለጆሮ የማይሰማ የድምፅ ሞገድን (40,000 ኸርዝ) በአየር ላይ አንድ ነጥብ ላይ በማሰባሰብ መዳፍ ላይ ስሜት ይፈጥራል። በ2019 የሆንግ ኮንግና የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ ከእነሱም መካከል ሺንጌ ዩ እና ጆን ሮጀርስ፣ ያለ ባትሪና ያለ ሽቦ የሚሠራ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ለስላሳ ንጣፍ ይፋ አደረጉ። ራሳቸው ካቀረቧቸው ምሳሌዎች አንዱ የብቸኝነት ምሳሌ ነበር፤ አያት ከልጅ ልጇ ጋር በቪዲዮ ስትነጋገር ልጁ ስክሪኑን ሲነካ እርሷ ገላዋ ላይ ይሰማታል።

አንጎል ራሱ ሥራውን ያግዛል። ማቲው ቦትቪኒክና ጆናታን ኮኸን በ1998 ባሳተሙት ሙከራ፣ የተሸሸገው የራስ እጅና ፊት ለፊት የተቀመጠ የላስቲክ እጅ በአንድ ጊዜ በብሩሽ ሲሻሹ ሰው የላስቲኩን እጅ የራሱ አድርጎ ይሰማው ጀመር። ዓይን ያየውና ቆዳ የተሰማው በጊዜ ከተገጣጠሙ አንጎል ያስማማቸዋል። ቪአር በተራ ስልክ ላይ ያለው ብልጫም ይኸው ነው፤ ደካማ ንዝረት እንኳ የሚነካው እጅ በዓይን ከታየ ጠንከር ያለ ስሜት ይፈጥራል።

የሩቅ እቅፍ

ንክኪን ለመቀራረብ በርቀት መላክ ከቪአር ጋር የተጀመረ አይደለም። በኤምአይቲ ሚዲያ ላብ በ1997 የቀረበው «ኢንታች» ሁለት የእንጨት መንኮራኩር ስብስቦች ነበሩ፤ አንዱ ሰው የራሱን ሲያሽከረክር የሌላው ሰው ይዞራል። ኋላም በሲንጋፖር የወላጅን ጭመቃ ወደ ልጁ የሌሊት ልብስ የሚያስተላልፍ ልብስ ተሠራ።

ከእነዚህ ይልቅ በመለኪያ የተፈተነው የጃፓኑ «ሃግቪ» ነው። በሂሮሺ ኢሺጉሮ ቡድን የተሠራው ይህ የሰው ቅርጽ ያለው ትራስ ሲሆን፣ ስልክ ራሱ ውስጥ ይገባና ሰው ትራሱን አቅፎ ይነጋገራል። በ2013 በታተመ ጥናት ተሳታፊዎቹ ከማያውቁት ሰው ጋር 15 ደቂቃ ተነጋገሩ። ትራሱን አቅፈው ያወሩት ሰዎች ከጭንቀት ጋር የሚያያዘው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞናቸው በስልክ ብቻ ካወሩት ሰዎች ይበልጥ ቀነሰ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ትራሱ ከሌላኛው ተናጋሪ የተላከ አንድም ንክኪ አላስተላለፈም፤ የታቀፈ ነገርና የሰው ድምፅ ብቻ ነበር። ለአረጋውያን የተሠራው የአቆስጣ ግልገል መሳዩ ሮቦት «ፓሮ»ም እንዲሁ የሩቅ ሰውን ንክኪ የሚያመጣ ሳይሆን ራሱ የሚደባበስ ነው።

ቪአር ከንክኪ ጋር ተጣምሮ በሰፊው ሕዝብ ፊት የቀረበበት አንዱ ጊዜ የካቲት 2020 ነው። የደቡብ ኮሪያው ኤምቢሲ ቴሌቪዥን ባሰራጨው ዘጋቢ ፊልም አንዲት እናት በ7 ዓመቷ በሕመም የሞተችባትን ልጇን ምስል በቪአር አገኘች፤ እጇ ላይም ንክኪ የሚለይ ጓንት ነበር። እናቲቱ ልጇን ለመዳበስ እጇን ስትዘረጋ ያዩ ብዙ ሰዎች አለቀሱ፤ ሐዘንን ማስታገስ ነው ወይስ ቁስልን መነካካት የሚለው ክርክርም ወዲያው ተነሳ። ይህ ከሩቅ ካለ ሕያው ሰው ጋር ከመገናኘት የተለየ ጉዳይ ነው፤ በወዲያኛው ጫፍ ማንም የለምና።

በአጠቃላይ ማስረጃው ገና ቀጭን ነው። አብዛኞቹ ጥናቶች ጥቂት ሰዎችን፣ ያውም ወጣት ተማሪዎችን፣ ለደቂቃዎች የፈተኑ ናቸው። ብቸኝነት የሚለካው ግን በወራትና በዓመታት ነው። መሣሪያው አዲስ በመሆኑ የሚፈጥረው ደስታና ንክኪው ራሱ የሚሰጠው እፎይታ ተለይተው መታወቅ አለባቸው፤ ይህን የለዩት ጥቂት ናቸው።

ንክኪን ያጡ እጆች

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ የንክኪ ማጣትና የማኅበራዊ መነጠል ታሪክ በአንድ ግቢ ተገናኝቶ ይገኛል። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በ1930ዎቹ የተመሠረተው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል በ1965 አለርት የተባለው የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ሥልጠና ማዕከል ሆነ። አጠገቡ በ1970 የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተቋቋመ። ሥጋ ደዌ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነርቭን ስለሚጎዳ በሽተኛው እጁና እግሩ ይደነዝዛል፤ የጋለ ድስት ሲይዝ አይሰማውም፣ ጫማው ሲቆርጠው አያውቅም፤ ጣት የሚያሳጣውም በሽታው በቀጥታ ሳይሆን በዚሁ ምክንያት የሚደጋገም ቁስል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሰዎች እርሱን መንካት ይተዋሉ። አንድ በሽታ መንካትንም መነካትንም ይወስዳል። በሽታው የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ባጸደቀው የተጣመረ መድኃኒት የሚድን ሲሆን፣ ሕክምና የጀመረ ሰው ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል። ያም ሆኖ ከዳኑ በኋላ ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ ያልቻሉ በርካታ ሰዎች በሆስፒታሉ ዙሪያ ሰፍረው ቀርተዋል።

የድንዛዜውን ጉዳት በማስረዳት ስሙ የሚነሳው እንግሊዛዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። በሕንድ ቬሎር፣ ኋላም በአሜሪካ ሉዊዚያና ካርቪል ሲሠራ፣ ለደነዘዙ እጆች ሰው ሠራሽ የሕመም ስሜት ለመስጠት ሞከረ። የጫና ሴንሰር ያለው ጓንት ሠርቶ ጫናው ሲበዛ በጆሮ ድምፅ እንዲሰማ አደረገ። በሽተኞቹ ድምፁን ችላ ሲሉ፣ ስሜት ባለው የገላ ክፍል ላይ በኤሌክትሪክ መንዘር ተኩ። በሽተኛው ግን የጀመረውን ሥራ ለመጨረስ ሲፈልግ ማጥፊያውን ተጭኖ ይቀጥላል። ብራንድ ፕሮጀክቱን ተወው። ለዛሬዎቹ የቪአር ጓንት ሠሪዎች ከብዙ የቴክኒክ ሰነድ ይልቅ ይህ ውድቀት ሳይጠቅም አይቀርም። የሚጠፋ ስሜትና የማይጠፋ ስሜት አንድ አይደሉም።

ርቀትና መዘግየት

ምስል በቪዲዮ ጥሪ ጥቂት ቢዘገይ ሰው ይታገሣል። ንክኪ ግን ይከብዳል። የኃይል ምላሽ የሚሰጡ መሣሪያዎች ጠንካራ ነገር ጠንካራ ሆኖ እንዲሰማ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ያህል ይሰላሉ። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ፌትቫይስ በ2014 ባስተዋወቀው «የንክኪ ኢንተርኔት» ሐሳብ ምልክት ሄዶ ለመመለስ 1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ እንዲፈጅበት ይፈለጋል።

ይህ ለኢትዮጵያ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ቀላል ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ1 ሚሊ ሰከንድ ደርሶ ለመመለስ ርቀቱ ከ100 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም። በሳንሱሲ የምትኖር እናት ልጇ ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ ብትሠራ፣ ቀጥታው ርቀት 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ንክኪው ሄዶ ለመመለስ ቢያንስ 19 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ልጅየው ዋሽንግተን ከሆነ ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጊዜውም ከ115 ሚሊ ሰከንድ የማያንስ ነው። ገመዱ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በየመሀሉ ያሉት ማሠራጫዎችም ይጨምሩበታል። ይህን ፊዚክስ እንጂ የትኛውም ኩባንያ አላመጣውም፤ አምስተኛው ትውልድ ኔትወርክም አያስቀረውም።

ስለዚህ መሐንዲሶች ሌላ መንገድ ይከተላሉ። የእጁን ኃይል በየቅጽበቱ ከመላክ ይልቅ «ትከሻ መዳበስ» ወይም «ማቀፍ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ይላካል፣ ዝርዝሩን ተቀባዩ ጋ ያለው መሣሪያ ይሠራዋል። በዝግታ መዳበስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ቢዘገይ ብዙም አይታወቅም፤ ሁለቱም የሚገፉበትና የሚሳቡበት መጨባበጥ ግን ይበላሻል። በዚህ ስልት የሚደርሰው ንክኪ የልጁ እጅ ነው ወይስ የማሽኑ ግምት የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም።

በኢትዮጵያ ያለው ሁኔታ

በኢትዮጵያ የሚታወቀው የቪአር ታሪክ በአመዛኙ የዓይንና የጆሮ ነው። በ2015 ቻሪቲ ዋተር የተባለው ድርጅት ትግራይ ውስጥ ስላለች የ13 ዓመት ልጅና ስለ መንደሯ ውኃ የሠራውን ባለ 360 ዲግሪ ፊልም ኒው ዮርክ በተደረገ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት ላይ ለእንግዶቹ በቪአር መነጽር አሳይቷል። እንግዶቹ መንደሩን አዩት እንጂ አልነኩትም፤ የመንደሩም ሰው እነርሱን አላያቸውም።

ዋጋው ትልቅ እንቅፋት ነው። መካከለኛ የቪአር መነጽር በአሜሪካ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ ሲሆን፣ የሃፕቲክ ሰደርያና ጓንት ለብቻው ሌላ ወጪ ነው። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በተግባር የሚሠራበት ሃፕቲክ የስልክ ንዝረት ነው። ካርድ ያለቀበት ሰው ለወዳጁ «ሚስድ ኮል» ሲያደርግ የሚልከው ቃል አይደለም፤ ኪስ ውስጥ አንድ ንዝረት ነው፤ የተቀበለውም ሰው ትርጉሙን ያውቃል። ሃግቪም እንደታየው ትራስና ስልክ ብቻ ነው፤ ሐሳቡን አገር ውስጥ ባለ ልብስ ሰፊ ማሠራት ይቻላል።

እንደ መቄዶንያ ባሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጠዋሪ የሌላቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በሚኖሩባቸው ማዕከላት ደግሞ ጥያቄው በሌላ መልክ ይመጣል። ለእነዚህ ሰዎች በወዲያኛው ጫፍ መሣሪያ የሚለብስ ዘመድ የለም። የሚያጥባቸው፣ የሚያጎርሳቸውና ጸጉራቸውን የሚያበጥረው በጎ ፈቃደኛ ቀድሞውኑ በእጁ ይነካቸዋል። ቴክኖሎጂው ሊረዳ የሚችለው ዘመድ ኖሮት ዘመዱ የራቀበትን ሰው ነው፤ ሰው የሌለውን ሰው አይደለም።

ፈቃድና ግላዊነት

ንክኪ ሲጨመር ጥቃትም አብሮ ይገባል። ሴቶች በምናባዊ ዓለም ውስጥ ያልፈቀዱት መነካካት እንደደረሰባቸው ከ2016 ጀምሮ በይፋ ተናግረዋል፤ ያን ጊዜ በዓይን ብቻ የሚታይ ነበር። ሜታ በየካቲት 2022 በራሱ ምናባዊ መድረኮች ላይ ሁለት ሰዎች ከ1.2 ሜትር ያህል እንዳይቀራረቡ የሚያደርግ ድንበር አኖረ። ድንበሩ መነካካትን ይከላከል ነበር፤ ማቀፍንም እንዲሁ። በሰደርያና በጓንት ዘመን ተጠቃሚው ማን፣ የቱን የገላ ክፍል፣ በምን ያህል ኃይል ሊነካው እንደሚችል አስቀድሞ የሚወስንበትና በቅጽበት የሚያቋርጥበት ማጥፊያ ያስፈልጋል። መሣሪያው የሚሰበስበው መረጃም ከድምፅና ከምስል ይበልጥ ውስጣዊ ነው፤ ማን ማንን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንዳቀፈ ይመዘግባል። ለአእምሮ ሕመምተኛና ትዝታው ለደከመ አረጋዊ ደግሞ ፈቃዱን ማን ይሰጥለታል የሚለው መሣሪያው ከመልበሱ በፊት መወሰን አለበት፤ የነካው ልጁ መሆኑንና ማሽን መሆኑን መለየት ላይችል ይችላልና።